ምንም አልተገኘም

ሰው መፈለጊያ ሳጥን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጽፈው የራሱን ስም ነው። አትካዱ፤ እናንተም አድርጋችሁታል። ማንም እንዳያያችሁ ግራ ቀኙን ቃኝታችሁ፣ ስማችሁን ከነአባታችሁ ጽፋችሁ፣ ዓለም ስለ እኔ ምን ይል ይሆን ብላችሁ ጠብቃችኋል። ዓለም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እኛ ምንም አይልም። እኔም እንደ እናንተው አደረግሁ። ልዩነቱ፣ ስሜን የጻፍኩት ራሴ በሠራሁት ሳጥን ላይ መሆኑ ነው።

ቆይ፣ አስቸኮልኳችሁ። ከመጀመሪያው ልነሳ።

ያኔ የምኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነበር። ካሳራኒ ኪራይ ርካሽ ነው፤ የቀረውን በማታቱ ትከፍሉታላችሁ። ማታቱ የኛው ሚኒባስ ታክሲ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሙዚቃውን ለቆ ከተማ እስክትደርሱ ከጆሮአችሁ ጋር ይጣላል። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ለአንድ ድርጅት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለእድራችን፣ ያውም በነፃ። የእድር ሥራ ክፍያው ምርቃት ነው። ምርቃት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የስልክ ክሬዲት አይገዛም።

እድር ናይሮቢ ምን ያደርጋል? ኧረ ተዉኝ! ሦስት ኢትዮጵያዊ የት አገር ተገናኝቶ ነው እድር ያላቋቋመው? አራት ከሆኑማ ሁለት እድር ነው። የእኛው ግን ዘመናዊ ነበር፤ ድረ ገጽ ነበረው። ከድረ ገጹ ጀርባ ደግሞ ዳታቤዝ አለ። ዳታቤዝ ማለት እንደ ጎተራ አስቡት። የአባላቱ ስም፣ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ለቅሶው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ገጹ ከዚያ እየዘገነ ያሳያል። ጎተራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እህሉን የሚያስገቡት የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ወይዘሮ አልማዝ ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ ቢሮዎች በአንዱ የሚሠሩ፣ የሀብታሞች ሰፈር ሩንዳ የሚኖሩ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። ማስገባት ይችሉበታል። ያስገቡትን መልሶ ማግኘት ግን የዕድል ጉዳይ ነበር።

ጀማልን ውሰዱ። ጀማል ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ የእድራችን አባል ነው። አንድ ቀን ለቅሶ አለ ሲሉት ገጹን ከፍቶ ሲያገላብጥ፣ ሲያገላብጥ፣ በመጨረሻ አንድ ቤት አገኘ። ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። እንደ ወጉ ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። ለካስ እሱ ያነበበው ለቅሶ ካለፈ ቆይቷል፤ የዚያን ዕለት የነበረው የልጅ ክርስትና ነው። የልጁ አባት፣ ለልጄ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አላየሁም ብሎ አቅፎ ሳመው አሉ። ጀማል ምን ያድርግ? እንባውን ጠርጎ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ ልጁን መርቆ ወጣ። በማግሥቱ ግን ለኮሚቴው አቤት አለ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጋሼ ሙላቱ ናቸው። የአውሮፕላን ትኬት መሸጫ ቢሮ አላቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ አንደበታቸው የለሰለሰ፣ ናይሮቢ ውስጥ መርዶ ሲኬድ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀድሙ ሰው ናቸው። ዳኜ፣ አሉኝ፣ ሰው ስም ጽፎ የፈለገውን የሚያገኝበት ነገር አይሠራም ወይ? ይሠራል አልኳቸው። ሳጥን ነው፤ ቃል ይጻፍበታል፣ እሱ ጎተራውን በርብሮ ያ ቃል ያለበትን ሁሉ ያወጣል። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ሥራ ጀመርኩ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና አሁን ስለ እህቴ ላውራችሁ። አስካለ ትባላለች፤ እኔ እታበባ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደሴ ነው የምትኖረው፣ ከባሏ ከይመር ጋር። ያን ሰሞን ኩላሊቷ አስቸገራት። ናይሮቢ አምጥቼ ላሳክማት ቆረጥኩ። ሐኪም አፈላለግሁ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ አልጋዬን ለእሷ፣ ሶፋውን ለራሴ መደብኩ። በስልክ ስነግራት፣ እኔ እግሬ መሬት ሳይነካ አገር አላቋርጥም፣ ትኬቱን ለወጣት ስጠው ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሕመሙ ያዛትና መሃል ላይ አቆመች።

ከዚያ በኋላ ስልኳ እምቢ አለ። ይመር ዘንድ ስደውል ጠበል ገብታለች አለኝ። እሰየው አልኩ። በሌላ ጊዜ ስደውል አሁንም ጠበል ናት። ላናግራት ስል ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም፣ ቆይ መልሼ ልደውል። የዚያን ጊዜውን የአገራችንን ስልክ ታውቁታላችሁ፤ የእውነቱም የውሸቱም መቆራረጥ አንድ ነበር። ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ ለኔ ኖሯል።

ትኬት ልገዛላት ጋሼ ሙላቱ ቢሮ ሄድኩ። ትኬት አልሸጥም የሚል ትኬት ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቦታ የለም አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንትስ? ሞልቷል። በሚቀጥለው ወርስ? ዋጋው ሊቀንስ ስለሆነ ጠብቅ አሉ። ጋሼ ሙላቱ! የገዛ አማታቸውን ሙሉ ዋጋ ያስከፈሉ ሰው! ከዚያ ደግሞ ተነሥ ምሳ ልጋብዝህ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ብላ፣ ብላ ይሉኛል። እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ አልወርድ ብሏቸው ውኃ ብቻ ጠጡ። ስኳራቸው ተነሥቶባቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ወይዘሮ አልማዝ ባሱ። ድሮ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው "ያ ገጽ ዛሬም አይከፈትም" ነበር። ያን ሰሞን ግን በሾፌራቸው ከሩንዳ ካሳራኒ ድረስ ምግብ ይልኩልኝ ጀመር። ሾፌሩ ካማው ሳህኑን ሲያቀብለኝ ዓይኔን እያየ "ፖሌ ሳና" ይለኛል። በስዋሂሊ አይዞህ፣ ለደረሰብህ ነገር አዝናለሁ ማለት ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት መኖሬን አይቶ ያዘነልኝ መስሎኝ አመሰግነዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም በአንድ አፍ ሆነው ሳጥኑን ለጊዜው ተወው አሉኝ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው! ጋሼ ሙላቱ "ሀራካ ሀራካ ሀይና ባራካ" ብለው በስዋሂሊ ተረቱብኝ፤ የኛዋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች መሆኗ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ትንሽ ዕረፍ፣ ከስተሃል አሉ። ተናደድኩ። ራሳቸው ለምነው ያስጀመሩኝን! ባለሙያ ሥራህን አፋጥን ሲሉት ይናደዳል፤ ሥራህን ተው ሲሉት ግን ያብዳል። ቆይ ላሳያችሁ አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨረስኩትና ገጹ ላይ ጫንኩት።

ደግሞ አሳምሬ ነው የሠራሁት። ፀሐይን በፈለጋችሁት ጸ፣ ሀብቱን በፈለጋችሁት ሀ ብትጽፉ ያገኝላችኋል። ልሞክረው አልኩ። ምን ልጻፍ? ነገርኳችሁ እኮ። ስሜን ጻፍኩ፤ ዳኛቸው።

ሦስት ነገር አወጣ። አንደኛው የአባልነት ገጼ ነው። ሁለተኛው መዋጮ ያጓደሉ አባላት ዝርዝር ነው፤ እሱን እንለፈው። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፤

"የእድራችን አባል የአቶ ዳኛቸው ታላቅ እህት ወይዘሮ አስካለ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ እሑድ ማለዳ ካሳራኒ መኖሪያ ቤቱ ሄደን ስለምናረዳው፣ አባላት በሙሉ እንድትገኙ። ማሳሰቢያ፦ እስከዚያ ድረስ ለራሱ ለዳኛቸው እንዳይነገረው አደራ።"

እኔው በሠራሁት ገጽ ላይ! ለዳኛቸው እንዳይነገር ብለው ዳኛቸው ጎተራ ውስጥ! ይህን ከኛ ሰው በቀር ማን ያደርገዋል? ፈረንጅ ቢሆን ወይ ይነግረኛል፣ ወይ አይጽፈውም። በነሱ ቤት እኔ ሠሪ ነኝ፣ አንባቢ አይደለሁም። እውነታቸውን ነው፤ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ሳጥኑ ሊያልቅ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ጊዜው አልፏል። ለምን አይሰርዙትም ትሉኛላችሁ። የገባውን መሰረዝ የምችለው እኔ ብቻ ነኛ! ላሰርዘው ቢሉ እኔኑ ጠርተው፣ ዳኜ፣ እህትህ መሞቷን ጽፈናልና ሳታነብ አጥፋልን ሊሉኝ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። ያን ሰዓት ያሰብኩት ሳጥኑ ተሳስቷል ብዬ ነው። ያንዱን ስም ከሌላው ለቅሶ ጋር አጋጭቶት ይሆናል አልኩ። ኮዱን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ስህተት ፈለግሁ። በሕይወቴ ስህተት እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም። አንዲት ስህተት ባገኝ እታበባ ትነሣልኛለች። ሥራው ግን ንጹሕ ነበር። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም።

ስልኬን አንሥቼ ለይመር ደወልኩ። ምን ልለው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ደወልኩ። እታበባስ አልኩት። ጠበል ናት አለኝ። ተሻላት ወይ አልኩት። ተሽሏታል፣ ዛሬማ ትንሽ ቀምሳለች አለኝ። ይመር ደግ ሰው ነው፤ ውሸት አይሆንለትም፤ ድምፁ ሲርድ ይሰማኛል። ሞታለች አይደል የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከዚያ አሰብኩ። ይህ ሰው ሚስቱን ቀብሮ፣ ባዕድ አገር ብቻዬን እንዳልደነግጥ ብሎ፣ በደወልኩ ቁጥር ለኔ ሲል ከመቃብር ያስነሣታል። በምን አፌ ላሳፍረው?

"ጠበሉ ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቡላት" አልኩት።

ይመር "እሺ፣ እደርብላታለሁ" አለና ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ለምን አላለቀስክም ትሉኛላችሁ። ብቻዬን? ለቅሶ እኮ የብቻ ሥራ አይደለም። አንዱ ወገብህን ይዞ፣ አንዱ ስሟን እየጠራ፣ አንዷ ሙሾ እያወረደች ነው የሚለቀሰው። ጋሼ ሙላቱ እታበባን አያውቋትም፤ ግን እንደሚያውቋት ሆነው ማልቀስ ያውቁበታል። እነሱ እስኪመጡ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ደግሞ ደክመውበታል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ይመር ሰው አፈላልጎ ለጋሼ ሙላቱ ከደወለ ጀምሮ ሲመክሩ ነበር። የሥራ ውሌ የሚታደስበት ሰሞን ስለሆነ ፈርሞ ይረዳ ተባብለዋል። ዓርብ ዕለት ፈርሜያለሁ። ለዚህ ነበር እሑድን የቆረጡት። እንዲህ የተጨነቀልህን ሰው እንዴት አውቄዋለሁ ትለዋለህ?

እና ምን ሳደርግ አመሸሁ መሰላችሁ? ቤት ሳጸዳ። ለገዛ መርዶዬ ቤት ጠረግሁ፣ ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ፣ ስኳር ገዛሁ።

ማለዳ ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው ድረስ ሰው ነው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጀማልም አለ፤ ዛሬስ ቤቱን አልሳተም። ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሰው ኋላ ተደብቀዋል። ጋሼ ሙላቱ ገብተው የተደረደረውን ወንበርና የፈላውን ሻይ አይተው ግራ ገባቸው። እንግዳ ነበረብህ እንዴ አሉኝ። የለም፣ እንዲሁ ነው አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ተቀመጡ። ጋሼ ሙላቱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሰው ሁሉ ሟች ነው ብለው ከአዳም ጀመሩ። እኔ የት እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ፊቴን ያልሰማ ሰው ፊት ለማስመሰል እየታገልኩ ነው። ኖኅን አለፉ፣ አብርሃምን አለፉ። ልክ "እህትህ አስካለ" ሲሉ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው። የምን ማስመሰል! ለካ እስከዚያ ድረስ አንብቤዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ወገቤን ይዘውኛል። ጋሼ ሙላቱ አንድም ቀን አይተዋት የማያውቋትን እህቴን አስካልዬ፣ የእናት ምትክ እያሉ ይጠሯታል። የግቢው ዘበኛ ሌባ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ጀማል በስዋሂሊ ነገረው። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና እሱም እንባውን ለቀቀው። እታበባዬ፣ ደሴ ሆነሽ ካሳራኒ ተለቀሰልሽ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ወይዘሮ አልማዝ ገጹን ቢከፍቱ ሳጥኑ ቁጭ ብሏል። ስሜን ቢጽፉበት ያ ማስታወቂያ ከነማሳሰቢያው ዱብ አለ። ደወሉልኝ። መቼ ነው የጫንከው አሉኝ። ቅዳሜ አልኩ። እሳቸውም "ሻዩን!" ብለው ጮኹ። "ሻዩን አፍልተህ የጠበቅከን ለካ!" ከዚያ አለቀሱ። የዚያን ቀኑ ለቅሶ ለእታበባ ይሁን ለኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ገሚሱ ሳጥኑ ይጥፋ አለ። ጀማል አይጠፋም፣ እኔ ዳግመኛ ክርስትና ላይ አላለቅስም አለ። በመጨረሻ ጋሼ ሙላቱ ወሰኑ። መርዶ በሰው አፍ እንጂ በሳጥን አይነገርም፤ ባለቤቱ እስኪረዳ ድረስ ሳጥኑም ገጹም እንዳያወጣው አድርግ አሉኝ። ለሌላው አባል ወይዘሮ አልማዝ በስልክ ይነግሩታል። አደረግሁት። አንዲት መስመር ናት፤ ያልተረዳ ሰው ለቅሶ ካገኘህ እለፈው ትላለች። ሰው ሲፈልግ ሳጥኑ "ምንም አልተገኘም" ብሎ ይመልሳል። የተደበቀውን የምናየው እኔና ወይዘሮ አልማዝ ብቻ ነን።

ጥሩ መፍትሔ ይመስላል፣ አይደል? እንግዲያው የኛን ሰው አታውቁትም። ሕጉ ባንድ ጊዜ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ድሮ ምንም አልተገኘም ማለት ሰላም ማለት ነበር። አሁን ሰው የእናቱን ስም ይጽፋል፣ ምንም አልተገኘም ይለዋል፣ ክው ይላል። የምን ምንም? ባዶ ምንም ነው ወይስ የተደበቀ ምንም? ስልክ ይነሣል፣ ለማን ቢሉ ለኔ። ጀማል ስለ አጎቱ ጠይቆኝ፣ የለም ስለው ወላሂ በል አለኝ። አልኩለት። ስንቱ ማታቱ ውስጥ እያለሁ ደውሎ፣ በዚያ ሙዚቃ መሃል አባቴ ደህና ነው ወይ እያለ ያስጮኸኛል። ድረ ገጽ ሠሪ ነበርኩ፤ ጠንቋይ ሆኜ ቀረሁ። ደግነቱ እስከዚያ ድረስ የምመልሰው ሁሉ እውነት ነበር።

አንድ ከሰዓት ወይዘሮ አልማዝ አዲስ ለቅሶ አስገቡ። ከፍቼ አየሁት። የጋሼ ሙላቱ እናት ናቸው፣ ጎንደር። ማሳሰቢያውም አለበት፤ ለራሳቸው ለጋሼ ሙላቱ እንዳይነገር አደራ ይላል። ከወንበሬ ሳልነሣ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ሙላቱ ናቸው።

እማማ ስልክ አያነሡም አሉኝ። ስማቸውን ብጽፍ ምንም አልተገኘም አለኝ አሉ። ራሴ ያወጣሁት ሕግ እኔኑ ያስፈራኝ ጀመር ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ አልመጣላቸውም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዳኜ፣ ውስጡን የምታየው አንተ ነህ። በአስካለ አጥንት ይዤሃለሁ፤ ምንም የለም?" አሉኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ስንት ጊዜ በሆዴ ታዝቤያቸዋለሁ። ዓይኔን እያዩ፣ ብላ እያሉ፣ እንዴት አስቻላቸው ብዬ። ያስችላል ለካ።

"ምንም የለም ጋሼ፤ ደህና ናቸው" አልኳቸው። በእህቴ አጥንት ማልኩ።

ጋሼ ሙላቱ እኮ ናይሮቢ ውስጥ ለስንቱ ሰው ደህና ናቸው ያሉ ሰው ናቸው። ያቺ ቃል ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

"እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ" አሉኝ ቀስ ብለው። "በሉ እንግዲህ፣ እሑድ ስትመጡ በሩን አልቆልፈውም።"